ወደ ታች የሚወርደው ነፋስ

ትርሐስ ጠዋት ጠዋት ሥራዋን የምትጀምረው ክንፉን በመዳበስ ነበር። በክንፉ ግንባር ውስጥ በሚያልፈው ጠባብ መተላለፊያ እየሄደች፣ ጓንት ያጠለቀ እጇን ቆዳው ላይ ታሳርፋለች፤ ጥቂት አዳምጣ ታነሳውና ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ጓንቱ ከቆዳው ማዶ የሚፈሰው አየር የሚያደርገውን ሁሉ ወደ መዳፏ ያመጣላታል። ጣራው ላይ ስታሳርፈው እጇ ወደ ላይ ይሳባል። ወለሉ ላይ ስታሳርፈው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ መሳቡ፣ ከታች መግፋቱ፣ ሁለቱ ተደምረው አየር አምባን ከነሰዉ፣ ከነጎመን መደቡ፣ ከነሕሙማን ክፍሉ ሰማይ ላይ ይዘውት ይኖራሉ።

አየር አምባ አንድ ወጥ ክንፍ ነው። ሆድ የለውም፤ ጅራት የለውም። ሰዉ የሚኖረው በክንፉ ውፍረት ውስጥ ነው። ከግራው ጫፍ ወደ ቀኙ ጫፍ በእግሩ የሚሄድ ሰው መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ማረፉ የተለመደ ነበር። የቆላው ሙቀት ሰው መግደል በጀመረበት ዘመን፣ ከሞቱ ያመለጡ ሰዎች ሠርተው ወደ ብርዱ ይዘውት ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አርፎ አያውቅም። የፀሐይ ሞተሮች ወደ ፊት ይገፉታል፤ ወደ ፊት እስከሄደ ድረስ አየሩ ይሸከመዋል። ትርሐስ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ እዚያው አግብታ፣ አርባ ሊሞላት ምንም አልቀራት። መሬትን የምታውቃት በመስኮት ነው፤ ነጭ የጨው ሜዳ፣ ጥቁር የድንጋይ ተራራ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከነጩ ላይ እንደ ትቢያ ብናኝ የሚታዩ ጎጆዎች።

የክንፉ ቆዳ «ሕያው ቆዳ» ይባላል። እንዲህ የተባለው ነፍስ ኖሮት ሳይሆን፣ በኤሌክትሪክ እንደ ጡንቻ የሚኮማተሩና የሚፈቱ ቀጫጭን የብረት ጅማቶች ስለተሸመኑበት ነው። ጅማቶቹ ሲኮማተሩ ክንፉ ይጎብጣል፤ ሲፈቱ ይዘረጋል። ጉልበቱ ያለው ጉብጠቱ ላይ ነው። አየሩ የጎበጠውን ጀርባ ተከትሎ ይሄድና ከኋላ በኩል ወደ ታች ታጥፎ ይወርዳል። አየሩን ወደ ታች ያወረደ ክንፍ እሱ ራሱ ወደ ላይ ይነሳል። ትርሐስ ቅዳሜ ቅዳሜ የአምባውን ልጆች ስታስተምር ሁልጊዜ የሚጠይቋት አንድ ጥያቄ ነበር። ግንባሩ ላይ የተለያዩት አየሮች፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች ሄደው፣ ከኋላ ይገናኛሉ ወይ? አይገናኙም፤ የላይኛው ፈጣን ነው፤ ቀድሞ ደርሶ ያልፋል፤ የታችኛውን አይጠብቀውም፤ ትላቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በቀኙ ክንፍ በኩል፣ ከሕሙማን ክፍሉ አለፍ ብላ፣ ጣራው ላይ ያሳረፈችው እጇ አልተሳበም። ተንቀጠቀጠ። ጓንቱ የተበላሸ መስሏት አውልቃ አራገፈችውና መልሳ አጠለቀችው። ያው ነው። ከቆዳው ማዶ ያለው አየር ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል፣ ይጥመዘመዛል፣ ተመልሶ ይለጠፋል፣ ደግሞ ይላቀቃል።

የቆዳውን መክደኛ ከፍታ ጅማቶቹን አየች። ሁልጊዜ እንደ ጸጉር የሚለሰልሱት ጅማቶች ነጭ ቅርፊት ለብሰው ደርቀዋል። ጓንቱን አውልቃ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፍቃ በምላሷ ጫፍ ነካችው። ጨው ነው።

ከሳምንታት በፊት ከሜዳው የተነሳ አውሎ ነፋስ የጨው አቧራ ተሸክሞ አምባው ድረስ ወጥቶ ነበር። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ሰዉ መስኮቱን ጠርጎ ረሳው። አቧራው ግን በቆዳው ቀዳዳዎች ገብቶ፣ በደመና እርጥበት ርሶ፣ ከጅማቶቹ ጋር ተጋግሮ ቀርቷል።

ትርሐስ መክደኛውን ሳትመልስ ወደ መሪው ክፍል ሄደች።

ካፒቴን ኦጁሉ ቆመው ነበር። ወንበር እያለ ቆመው የሚነዱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከባሮ ዳር የመጡ፣ አምባው ላይ ካሉት መሐል መሬት ላይ ከተወለዱት የመጨረሻዎቹ አንዱ ናቸው።

«ካፒቴን፣ የአምባውን አፍንጫ ቀና አድርገውታል?» አለቻቸው።

«ከትናንት ጀምሮ እየወረድን ነው። ቀና ካላደረግኩት በምን ልያዘው?»

«ከዚህ በላይ ቀና እንዳያደርጉት። የቀኙን ክንፍ አየሩ እየለቀቀው ነው።»

ኦጁሉ ዞር ብለው አዩዋት። ምን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ክንፍ ቀና ባለ ቁጥር የበለጠ ይሸከማል፤ ግን ልክ አለው። ልኩን ሲያልፍ አየሩ ጉብጠቱን መከተል ያቅተውና ከጀርባው ተላቅቆ ይበተናል። ያን ጊዜ ክንፍ መሆኑ ቀርቶ ሳንቃ ይሆናል፤ ሳንቃ ደግሞ ይወድቃል።

«ጅማቶቹን ጨው ይዟቸዋል» አለች ትርሐስ። «ሲደርቁ ክንፉ ይዘረጋል፤ ሲዘረጋ እርስዎ ይበልጥ ቀና ያደርጉታል። መጨረሻው ይታወቃል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ውሃ። ታጥበው ከለሰለሱ ይድናሉ።»

«ውሃ አለን።»

«የምንጠጣው ነው። ሁሉንም ይጨርሰዋል።»

«ይጨርሰው። ሌላስ?»

ትርሐስን የከበዳት ሌላው ነበር።

«ለማጠብ ጅማቶቹን መፍታት አለብኝ። ስፈታቸው የቀኙ ክንፍ ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። እዚህ ከፍታ ላይ ሆነን ከፈታኋቸው በአንድ ጎናችን እንገለበጣለን።»

«እና?»

«እንውረድ፣ ካፒቴን። እስከ ታች። ሜዳው አጠገብ።»

ኦጁሉ እጃቸውን ከመሪው አላነሱም። ፊታቸው ግን ተለወጠ። አምባው ጎማ የለውም፤ ሜዳውን በሚበርበት ፍጥነት ቢነካ ይበታተናል። ወደ መሬት መቅረብ ማለት በአምባው ሰው አእምሮ ውስጥ ከሞት ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም።

«ወደ ታች የምንገፋው አየር እዚህ እንደልቡ ይሸሻል» አለች ትርሐስ ቀስ ብላ። «መሬት አጠገብ ግን መሸሻ ያጣል። በክንፉና በመሬቱ መሐል ታምቆ መልሶ እኛኑ ይደግፈናል። ጅማቶቹን እስካጥብ ድረስ ያ ድጋፍ ይበቃናል። ትላልቅ የውሃ ወፎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ውሃውን ሊነኩ ደርሰው ሲንሳፈፉ አይተው ያውቃሉ?»

«ባሮ ላይ አይቻለሁ። አንቺ የት አየሽ?»

«እኔ አላየሁም። ተምሬው ነው።»

ኦጁሉ ፈገግ ሊሉ ፈልገው ተዉት። ካርታውን አበሩትና ሁለቱም ጎንበስ አሉበት። የቀኙ ክንፍ ተፈትቶ ሳለ አምባው መታጠፍ አይችልም፤ ቀጥ ያለ ረጅም ሜዳ ያስፈልገዋል። በዙሪያቸው ይህን የሚያሟላ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከሜዳው ሰሜናዊ ዳር ተነስቶ እስከ ደቡቡ ይዘልቃል፤ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ዳርሳ የሚባል የጨው ቆራጮች መንደር ላይ ያልፋል።

«እዚያ ሰው አለ» አሉ ኦጁሉ።

«አለ። ከእኛ ስር የሚወጣው ነፋስ ቤት አያስቀርላቸውም። ልንጠይቃቸው ይገባል።»

«ከዳርሳ ጋር ተነጋግረን አናውቅም።»

«እንጠይቃቸው፣ ካፒቴን።»

አሮጌውን የጥሪ መስመር ፈልገው ከፈቱት። ትርሐስ ማይክሮፎኑን ያዘች። በአምባውና በመሬት መሐል የሚመላለሱት የጭነት አውሮፕላኖች ከደጋ ነበር የሚነሱት፤ ከሜዳው ሰው ጋር የሚያገናኝ ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ ወዲያው መልስ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም።

«ዳርሳ፣ አየር አምባ ነን። ሰው አለ?»

«አለን» አለ የሴት ድምፅ፤ ጎርነን ያለ፣ ያልቸኮለ። «ሞሚና ነኝ፤ የዳርሳ ሰብሳቢ።»

«ይቅርታ፣ መስመሩ ክፍት መሆኑን አላወቅንም ነበር።»

«ሁልጊዜ ክፍት ነው። እናንተ ጠርታችሁ አታውቁም እንጂ።»

ትርሐስ ነገሩን ሳታሳምር ነገረቻት፤ ጨው፣ ጅማት፣ ውሃ፣ ወደ ታች መውረድ፣ የመስመሩ መጨረሻ። ሞሚና ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«ስንት ነፍስ አለ እላይ?» አለች በመጨረሻ።

«ወደ ሁለት ሺህ።»

«ሕፃናትም?»

«ሕፃናትም፣ ሕሙማንም።»

«ባትወርዱስ?»

«ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንወድቃለን። የት እንደምንወድቅ ግን አላውቅም።»

«እኛ እምቢ ብንልስ?»

ትርሐስ ኦጁሉን አየቻቸው። ኦጁሉ እጃቸውን ዘርግተው ማይክሮፎኑን ተቀበሏት።

«እምቢ ካላችሁ ሌላ መንገድ እሞክራለሁ፣ ወይዘሮ ሞሚና። በተራራው ዳር። አይበቃን ይሆናል። ግን ሳትፈቅዱ በላያችሁ አልመጣም።»

ኦጁሉ ይህን ሲሉ ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ቃል መያዣ እንዳደረጉ ገብቷቸው እንደሆነ ለማወቅ ትርሐስ ፊታቸውን አየች። ገብቷቸዋል።

«ቆዩ» አለች ሞሚና። «ሰውን ልጠይቅ።»

ሲጠብቁ ከስራቸው ያለው ወለል ሳይታወቅ እያዘነበለ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረ እርሳስ ወደ ቀኝ ተንከባሎ ወደቀ። ኦጁሉ በጫማቸው አቆሙት።

ድምፁ ተመለሰ። «ውረዱ» አለች ሞሚና። «ቤቶቹን እናፈርሳለን።»

«ሁሉንም?»

«የእኛ ቤት ለመፍረስ የተሠራ ነው። ምንጣፉን መጠቅለል፣ ዘንጉን መንቀል ነው። ሰዉ ጨው በተቆረጠበት ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ይተኛል። ግመሎቹን ወደ ተራራው እናሸሻለን።»

«ወይዘሮ ሞሚና፣ አንድ ነገር አደራ ልበልዎት። ክንፉ ሲያልፍ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ከክንፉ ጫፎች የሚወጣው ነፋስ እየተሽከረከረ ከኋላ ይመጣል፤ የከፋው እሱ ነው። እኔ ተነሱ ሳልል ማንም እንዳይነሳ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ሞሚና። «እናንተም በርቱ።»

ኦጁሉ የአምባውን ደወል ደወሉና ለሰዉ ሁሉ እውነቱን ተናገሩ። ማንም አልጮኸም። መጀመሪያ የተነሱት የሕሙማን ክፍሉ አስታማሚዎች ነበሩ። ከጋኖቹ እስከ ቀኙ ክንፍ መተላለፊያ ድረስ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተደርድሮ ውሃውን በጀሪካን፣ በባልዲ፣ በድስት ያቀባብል ጀመር። ያን ውሃ በጠብታ እየለኩ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ አንዲት እናት ልጇን በቀኝ ክንዷ አቅፋ በግራዋ ባልዲ ስታቀብል፣ የፈሰሰውን ላለማየት ዓይኗን ወደ ጣራው አንስታ ነበር።

ከዚያ አፍንጫው ወደ ታች አዘነበለ። የአምባው ሰው በዕድሜው ተሰምቶት የማያውቅ ነገር ተሰማው፤ እግሩ ቀለለ፣ ሆዱ ወደ ደረቱ ወጣ፣ ጆሮው ተደፈነ። ከፍታቸውን ለፍጥነት እየሸጡ ነበር። ፍጥነት ሲጨምር በቀኙ ክንፍ ጀርባ ላይ ሲወራጭ የነበረው አየር ሰከን አለ። ትርሐስ ይህን በጓንቷ አወቀች። እጇ እንደገና ተሳበ፤ ደካማ ነው፣ ግን ተሳበ።

ነጩ ሜዳ እየሰፋ መጣ። በመስኮቱ ወለል የሚመስለው ነገር ወለል መሆኑ ቀረ፤ ስንጥቅ አወጣ፣ ጉብታ አወጣ፣ የራሳቸው ጥላ ከፊት ለፊታቸው በላዩ ላይ ሲሮጥ ታየ። ሙቀቱ በቆዳው አልፎ ገባ። ኦጁሉ አፍንጫውን እንዴት እንዳቃኑት ትርሐስ አላየችም፤ እጇን ወለሉ ላይ አሳርፋ እየጠበቀች ነበር።

መጣ። ከታች የሚገፋው ግፊት ቀስ እያለ፣ እየወፈረ፣ እየጠነከረ መጣ። ሰው በጨለማ ወንዝ ሲሻገር እግሩ ድንጋይ እንደሚያገኝ፣ ክንፉ የሚደገፍበት አገኘ።

«ያዘን» አለች በመገናኛው። «ካፒቴን፣ ያዘን።»

«ፍቺው» አሏት።

ጅማቶቹን ፈታቻቸው። ቀኙ ክንፍ ከዳር እስከ ዳር አቃሰተ፤ ወለሉ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ እዚያው ቆመ። አልወደቀም። የቀኙ ጫፍ ወደ ሜዳው በቀረበ ቁጥር ከስሩ ያለው አየር ይበልጥ እየታመቀ መልሶ ያነሳዋል። ትርሐስና አብረዋት የሚሠሩት ውሃውን በጅማቶቹ ላይ ለቀቁት። መጀመሪያ እንደ ወተት ነጭቶ ወረደ። ቀጥሎ ደፈረሰ። ቀጥሎ መጥራት ጀመረ። ጓንት ያወለቁ ጣቶቿ በጨዉ ተሰነጣጥቀው ደሙ፤ አላቆመችም። ከኋላዋ ባልዲ የሚያቀብላት ማን እንደሆነ ዞር ብላ አላየችም።

ግማሹ ታጥቦ ሳለ የኦጁሉ ድምፅ መጣ። «ዳርሳ።»

ትርሐስ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። መንደር የለም። የተጠቀለሉ ምንጣፎች በድንጋይ ተጭነዋል። ጉድጓዶቹ ውስጥ ሰዎች ተደርድረው ተኝተዋል፤ የሚታየው ጀርባቸው ነው፤ ቀይ ጨርቅ፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተዘረጋ ክንድ። መሬት ላይ ያለ ሰው በዚህ ቅርበት አይታ አታውቅም። እጇን ብትዘረጋ የምትነካቸው መሰላት። ከዚያ ነጭ አቧራ ሁሉንም ሸፈነ።

ሜዳው ሊያልቅ ተራራው ፊት ለፊት ሲቆም፣ ጅማቶቹ በእጇ ውስጥ እንደ ጸጉር ለስልሰው ነበር። ኤሌክትሪኩን መለሰችላቸው። ክንፉ ጎበጠ። ኦጁሉ አፍንጫውን ቀና አደረጉ፤ አየሩም ጉብጠቱን ተከተለ። አየር አምባ ከጥቁሩ ተራራ ጫፍ በላይ ሲያልፍ መተላለፊያው ውስጥ ያለው ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ባዶ ባልዲውን ታቅፎ ያለቅስ ነበር።

ትርሐስ ወደ መሪው ክፍል ሮጣ ማይክሮፎኑን አነሳች። ከኋላ የቀረው ሽክርክሪት እስኪሞት በዓይኗ እየለካች ጠበቀች። «ዳርሳ፣ አሁን ተነሱ» አለች።

ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም።

«ተነስተናል» አለች ሞሚና። ድምፅዋ ያው ነው፤ ያልቸኮለ። «ወንድሜ ያዮ ነው የቀረው። አንዷ ግመል ከተራራው ተመልሳ መጣች። ስትጮህ ጊዜ አላስቻለውም፤ ተነሳ።»

ኦጁሉ ከመሪው ላይ አንድ እጃቸውን አንስተው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

የያዮ ቀብር ያለቀው የዚያኑ ዕለት ነበር። በማግስቱ ኦጁሉ ትርሐስን አስጠሯት። «ለቅሶ መድረስ አለብን» አሏት። «ሁለት ሺህ ሰው መሄድ አይችልም። አንቺ ሄደሽ ስለ ሁላችን ተቀመጪ።»

በሪሁን የሚባል የአምባው የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ይዟት ወረደ። ከዳርሳ ፈንጠር ብለው አረፉ። ትርሐስ ከመሰላሉ ወርዳ ጨዉን ረገጠች። የረገጠችው ነገር አይንቀጠቀጥም፤ አያዘነብልም። በሕይወቷ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ቆማ አታውቅም። ሙቀቱ እንደ እጅ ፊቷን ያዛት። ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ወደ ለቅሶው ዳስ ሄደች።

ቤቶቹ ተመልሰው ቆመዋል። ሐዘንተኛው በምንጣፍ ዳስ ስር ተቀምጧል። ሞሚና ረጅም፣ ቀጭን፣ ስልሳ የሚጠጋት ሴት ናት። ትርሐስ ጎንበስ ብላ፣ «አላህ ያጽናችሁ» አለች፤ ሌላ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ሞሚና በእጇ ከጎኗ ያለውን ቦታ አሳየቻት።

ብዙ ተቀመጡ። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ትርሐስን በክፉ ዓይን ያያት አልነበረም። አንድ ሽማግሌ እጇን አይተው፣ «ጨው በልቶሻል» ብለው ቅባት አስመጡላት።

«ነግረሽን ነበር» አለች ሞሚና፣ ፊቷን ወደ ሜዳው እንዳደረገች። «እሱም ሰምቷል። በልብሽ ይህን እንዳትይዢ።»

«ሌላ የምይዘው አለኝ፣ ወይዘሮ ሞሚና።»

«ምንድን ነው?»

ትርሐስ ከወረደች ጀምሮ፣ ምናልባትም እነዚያን ጀርባዎች ካየች ጀምሮ፣ ሲመላለስባት የነበረ ነገር ነው። እንዴት እንደምትለው አታውቅም ነበር።

«ያን ዕለት ብቻ አይደለም በላያችሁ የሆንነው» አለች። «ክንፍ አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው የሚቆመው። የተገፋው አየር ግፊት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው መሬት ላይ ነው። ከፍ ስንል በሰፊ አገር ላይ ይበተናል፤ ይሳሳል፤ ለማንም አይታወቅም። ግን አይጠፋም። ሁሉም ተሰብስቦ ቢመዘን ልክ የአምባው ክብደት ነው፤ ምንም አይጎድልም። አየር ተሸከመን እንላለን። አየሩ የሚያቀብለው ለመሬት ነው። እኛ ከመሬት የተለየን መስሎን፣ ይኸው ዘመናችንን ሁሉ እናንተ ላይ ነን።»

ውጭ የሆነ ሰው ግመል ሲያስነሳ ይሰማል።

«ይህን ታውቁ ነበር?»

«ትምህርቱ ላይ አለ። ለፈተና እናጠናዋለን።»

«ከስር ሰው እንዳለስ?»

«እሱን አይጠይቁም።»

ሞሚና ራሷን ነቀነቀች። ስትናገር ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

«ያዮና እኔ ልጆች ሆነን ጥላችሁ በሜዳው ሲያልፍ ስሩ እንሮጥ ነበር። እስኪያመልጠን። በዚህ ፀሐይ ጥላ ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም። ያዮ ካደገም በኋላ፣ ጨው እየቆረጠ ሳለ ጥላው ሲመጣ መጥረቢያውን ያቆምና ቀና ይላል። ማን ይሆኑ ይል ነበር። እዚያ ያሉት ማን ይሆኑ።» በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ክብደታችሁ ተሰምቶን አያውቅም፣ እህቴ። ሰው ሰውን ሳይሸከም አይኖርም። እኛም እነዚህን ግመሎች፣ ግመሎቹም እኛን። ግን እኛ የእናንተን ጥላ ስናውቅ እናንተ እኛን አለማወቃችሁ፣ እሱ ነው የከበደኝ።»

ትርሐስ ቅባት የተቀባ እጇን ሞሚና ክንድ ላይ አሳረፈች።

«ከእንግዲህ ጥሩን» አለች ሞሚና ቆይታ።

«ምን ብለን?»

«ጉዳይ ባይኖርም። እንዴት አደራችሁ ብላችሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትርሐስ ተሰናበተች። የዳርሳ ሴቶች ከጉድጓዳቸው ውሃ ቀድተው አውሮፕላኗ ድረስ አደረሱላት፤ አምባው ላይ የሚጠጣ እንደሌለ አልረሱም። በሪሁን ጀሪካኖቹን አሰረና ሞተሩን አስነሳ። ዳሱ በመስኮቱ ይታያል፤ ሐዘንተኞቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ሞሚና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ እነሱ ታያለች።

«ትንሽ ራቅ ብለን እንነሳ» አለች ትርሐስ።

«ይቺ እኮ ትንሽ ናት» አለ በሪሁን። «ነፋሷ ምንም አይነካቸውም። አይሰማቸውምም።»

«አውቃለሁ» አለችው።

በሪሁን ትንሽ አያትና መሪውን አዞረ። አውሮፕላኗ በጨዉ ላይ ቀስ እያለች ሄደች፤ ዳሱ ከኋላቸው አንሶ፣ ሰዎቹ በዓይን እስከማይለዩበት ድረስ ሄደች። ከዚያ በኋላ ተነሱ።